ዲስኩ ለምን «ጠቅ» ይላል? የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ኃይል አስተዳደር በሊኑክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመለከተው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንት፣ ፌዶራ ወይም ፍሪቢኤስዲ ጭነው ለሚሠሩ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ገና ብዙ አለ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ተማሪ እጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ትእዛዞቹን በስልክ ለሰው እንደሚነበቡት በድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ። ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች «ኤችዲፓርም» (ኤች፣ ዲ፣ ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ኤም) እና «ስማርትሲቲኤል» (ኤስ፣ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ቲ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኤል) ናቸው። ሁለተኛው የሚገኘው «ስማርትሞንቱልስ» የሚባለውን ጥቅል ሲጭኑ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙ፦ ከሰረዝ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ትልቅ መሆን ሲገባው «ትልቁ» ብለናል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ኤችዲፓርም ላይ ትልቁ ኤስ ዲስኩ ስንት ደቂቃ ሥራ ሲፈታ መሽከርከር እንደሚያቆም ይወስናል፤ ትንሹ ኤስ ደግሞ ዲስኩ መብራት ሲያገኝም ሳይሽከረከር እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ላፕቶፑ ዲስኩን ላያየው፣ ላይነሳም ይችላል።

ዲስኩ በየግማሽ ደቂቃው «ጠቅ» ይላል። ሊሞት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በጣም በስሱ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ሥራ ሲጠፋ ጫፉን የያዘው ክንድ ወደ ጠርዝ ሄዶ የፕላስቲክ ማረፊያ ላይ ይወጣል። «ጠቅ» የሚለው ያ ነው። ሥራ ሲመጣ ክንዱ እንደገና ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ባትሪ ለመቆጠብና ላፕቶፑ ሲወድቅ ጫፉ ሳህኑን እንዳይመታው ነው። በራሱ ጤነኛ ባሕርይ ነው፤ ችግር የሚሆነው ሲበዛ ነው።

ለመለየት ጆሮዎን ያቅርቡ። አንድ ለስላሳ «ጠቅ»፣ ከዚያ ዝም፣ ከደቂቃ በታች ቆይቶ ሌላ «ጠቅ»፤ ሥራውም ሳይቋረጥ የሚቀጥል ከሆነ ማረፍና መነሳት ነው። «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» በአንድ ዓይነት ምት እየደጋገመ፣ ማሽኑም ደርቆ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም ሳህኑ መሽከርከር ጀምሮ የሚያቆም ከሆነ ሌላ በሽታ ነው። ያኔ ይህን ገጽ ትተው ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይጀምሩ።

ዊንዶውስ ላይ እያለ ድምፁን አልሰማሁም። ሊኑክስ ነው ያበላሸው?

ዲስኩ ከፋብሪካ ሲወጣ የኃይል ቁጠባ ደረጃ («ኤፒኤም» ይባላል) ተሰጥቶት ይመጣል፤ ብዙዎቹ ላይ 128 ነው። በዚህ ደረጃ አንዳንድ ዲስኮች ጥቂት ሰከንድ ሥራ ከፈቱ ክንዳቸውን ያሳርፋሉ። የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ኤክስት4 ደግሞ በነባሪው በየ5 ሰከንዱ ያልተጻፈ ነገር ካለ ወደ ዲስክ ይልካል። ከጀርባ የሎግ ፋይል፣ ብሮውዘሩ የሚያስቀምጠው የትር ዝርዝር፣ የፖስታ ፕሮግራሙ አለ። ስለዚህ ዲስኩ ያርፋል፣ ይቀሰቀሳል፣ ያርፋል፣ ይቀሰቀሳል። ዊንዶውስ በተጫነባቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ የአምራቹ ሶፍትዌር ደረጃውን ይቀይረው ስለነበር አይሰማም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የኡቡንቱ ተጠቃሚዎች ዘንድ ትልቅ ጫጫታ አስነስቶ ነበር፤ ያኔም ከብዙ ክርክር በኋላ የተገኘው መልስ ዛሬ ከምንነግርዎ ጋር አንድ ነው። ጥፋቱ የአንዱ ወገን ብቻ አይደለም፤ ዲስኩ ትዕግሥት የለውም፣ ሲስተሙም ዝም አይልም።

የእኔ ዲስክ ስንት ጊዜ እንዳረፈ እንዴት ላውቅ?

በመጀመሪያ የትኛው ዲስክ እንደሆነ ይለዩ፦ «ኤልኤስቢኤልኬ -ዲ -ኦ ኔም,ሮታ,ሞዴል,ሳይዝ»። ሮታ በሚለው ዓምድ ስር 1 ካለ የሚሽከረከር ነው፤ 0 ካለ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ነው፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ይዝለሉ። ከዚህ በታች ዲስኩ «ኤስዲኤ» እንደሆነ አድርገን እንቀጥላለን፤ የእርስዎ ሌላ ከሆነ ስሙን ይቀይሩ።

ቀጥሎ፦ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ትልቁ ኤ /ዴቭ/ኤስዲኤ»። «ሱዶ» ማለት ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪድ ማለት ነው። ረጅም ሠንጠረዥ ይወጣል። የሚፈልጉት በግራ 193 ቁጥር ያለበትን መስመር ነው፤ አንዳንድ የሳምሰንግ ዲስኮች ላይ 225 ሆኖ ይገኛል። በመስመሩ መካከል 100 ወይም 200 የሚሉ ቁጥሮች ያያሉ፤ እነሱ የተመዘኑ ነጥቦች ስለሆኑ አያታልሉዎ። እውነተኛው ቆጠራ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። እዚያው 9 ቁጥርን ያንብቡ፤ ዲስኩ በሕይወቱ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግርዎታል።

አሁን ሰዓት ይያዙ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ላፕቶፑን ሳይነኩ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ እንደገና ይለኩ። አንድ ጊዜ ቻርጀር ተሰክቶ፣ አንድ ጊዜ ቻርጀር ተነቅሎ ያድርጉት። ይህን ሳይለኩ ምንም አይቀይሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያገኘውን ትእዛዝ ይሰጥና በኋላ ለውጥ መጣ ወይስ አልመጣ የሚያውቅበት ነገር ያጣል።

ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው መስጋት ያለብኝ?

ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች ለ600,000 ማረፍና መነሳት ዋስትና የተሰጣቸው ናቸው፤ 300,000 የተጻፈባቸውም አሉ። ስሌቱን እንሥራው። በየ30 ሰከንዱ አንዴ ቢያርፍ በሰዓት 120 ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 960። 600,000ን ለ960 ቢያካፍሉ 625 ቀን፣ ማለትም ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። በየ10 ሰከንዱ ከሆነ በቀን 2,880 ይሆንና በ208 ቀን ያልቃል።

600,000 ሲሞላ ዲስኩ በዚያው ቀን ይቆማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ አልፈው የሠሩ አሉ። አምራቹ «እስከዚህ እታመናለሁ» ያለበት ልክ ነው። የእኛ መመዘኛ ይህ ነው፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ 1 ወይም 2 ቢጨምር ይተዉት። 5 ከሆነ በሰዓት 30 ነው፤ ማስተካከል ይገባል። 20 ከሆነ ዛሬውኑ ያስተካክሉ።

እሺ፣ እንዴት ነው የማስቆመው?

መጀመሪያ ያለበትን ደረጃ ያንብቡ፦ «ሱዶ ኤችዲፓርም -ትልቁ ቢ /ዴቭ/ኤስዲኤ»። 128 ወይም ሌላ ቁጥር ይመልሳል። የቁጥሮቹ ትርጉም እንዲህ ነው፦ ከ1 እስከ 127 ክንዱ እንዲያርፍም ሳህኑ ራሱ መሽከርከር እንዲያቆምም ይፈቅዳሉ። ከ128 እስከ 254 ሳህኑ አይቆምም፤ ክንዱ ግን ሊያርፍ ይችላል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማረፉ ይቀንሳል። 255 ጨርሶ ያጠፋዋል።

ለሙከራ ይህን ይስጡ፦ «ሱዶ ኤችዲፓርም -ትልቁ ቢ 254 /ዴቭ/ኤስዲኤ»። ወዲያው ይሠራል፤ ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት አያስፈልግም። የ10 ደቂቃውን ልኬት ይድገሙ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ መድኃኒቱን አግኝተዋል፤ የቀረው እንዳይረሳው ማድረግ ነው።

ለምን 254፣ ለምን 255 አልሆነም?

255 ለሁሉም ዲስክ አይሠራም። አንዳንዱ ስህተት ብሎ ይመልሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተቀብሎ ወደ ፋብሪካው ልማድ ይመለሳል፤ እርስዎ ጠፋ ብለው ሲተኙ እሱ ሌሊቱን ሙሉ «ጠቅ» ሲል ያድራል። 254 በአብዛኛው ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። በ254 የማያርፍ ከሆነ 255ን መሞከር አያስፈልግም፤ በ254 አሁንም ካረፈ ብቻ ይሞክሩት።

ሪስታርት ሳደርገው ወደ ድሮው ይመለሳል። ለምን?

ኤችዲፓርም የሚሰጠው ትእዛዝ አብዛኞቹ ዲስኮች ላይ መብራት እስኪቋረጥ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ሲስተሙ በተነሳ ቁጥር እንደገና መናገር አለበት። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ብቻ ይምረጡ።

ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሚንት ላይ «/ኢቲሲ/ኤችዲፓርም.ኮንፍ» የሚባለውን ፋይል በሱዶ ይክፈቱና መጨረሻው ላይ ይህን ይጨምሩ፦

/ዴቭ/ኤስዲኤ {
    ኤፒኤም = 254
    ኤፒኤም_ባትሪ = 254
}

ሁለተኛው መስመር ቻርጀር ሲነቀል የሚሠራበት ነው፤ እሱን መተው የተለመደ ስህተት ነው። ሁለት ዲስክ ካለዎት «ኤስዲኤ» የሚለው ስም በሚቀጥለው ማስነሻ ወደ ሌላኛው ሊዞር ስለሚችል «/ዴቭ/ዲስክ/ባይ-አይዲ/» ስር የሚያገኙትን፣ ሞዴሉንና ሴሪያል ቁጥሩን የያዘውን ረጅም ስም ይጠቀሙ።

ሌላው መንገድ ቲኤልፒ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም ነው፤ ፌዶራን ጨምሮ ከላይ በጠቀስናቸው የሊኑክስ ዓይነቶች ሁሉ ላይ አለ። «/ኢቲሲ/ቲኤልፒ.ኮንፍ» ውስጥ «ዲስክ_ኤፒኤም_ሌቭል_ኦን_ኤሲ» እና «ዲስክ_ኤፒኤም_ሌቭል_ኦን_ባት» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ስማቸው በሙሉ በትልቁ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ቻርጀር ሲሰካ፣ ሁለተኛው ባትሪ ላይ ሲሆን ይሠራል። ቲኤልፒ እንደ ልማድ ለመጀመሪያው 254፣ ለሁለተኛው 128 ይሰጣል። ስለዚህ «ቻርጀር ስነቅል ይጀምራል» የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማየት ያለበት እዚህ ነው። ሁለቱንም 254 ያድርጉ፤ በመስመሩ መነሻ የመሰላል ምልክት (#) ካለ ያንሱት፣ አለበለዚያ እንደ ማስታወሻ ይቆጠርና አይነበብም። ከዚያ «ሱዶ ቲኤልፒ ስታርት»፤ ውጤቱን «ሱዶ ቲኤልፒ-ስታት -ዲ» ያሳይዎታል።

ቲኤልፒን፣ «ላፕቶፕ-ሞድ-ቱልስ» የሚባለውን ሌላ ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም እና የኤችዲፓርም ፋይሉን አንድ ላይ ማስቀመጥ አንድ ቤት ሁለት ጥበቃ ቀጥሮ ማጣላት ነው። አንዱ 254 ሲል ሌላው 128 ይላል፤ የሚያሸንፈው መጨረሻ የተናገረው ነው። ከድሮ የተጫነ ላፕቶፕ-ሞድ-ቱልስ ካለ ያስወግዱት።

ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ «ጠቅ» ማለት ጀመረ

ላፕቶፑ ሲተኛ የዲስኩ መብራት ይቋረጣል፤ ሲነሳ ዲስኩ የፋብሪካውን ደረጃ ይዞ ይነሳል። ሰው ሁሉ ሪስታርት አድርጎ ይፈትሽና «ሠራ» ብሎ ይሄዳል፤ ክዳን ዘግቶ የሚፈትሽ የለም። ከእንቅልፍ በኋላ ደረጃውን በትልቁ ቢ አንብበው 254 ካልሆነ ይህን ያድርጉ።

«/ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ/» በሚለው ፎልደር ውስጥ በፈለጉት ስም ፋይል ይፍጠሩና ሦስት መስመር ይጻፉበት፦

#!/ቢን/ኤስኤች
[ "$1" = "ፖስት" ] && /ዩኤስአር/ኤስቢን/ኤችዲፓርም -ትልቁ ቢ 254 /ዴቭ/ኤስዲኤ
ኤግዚት 0

ሲስተሙ ከመተኛቱ በፊት «ፕሪ»፣ ከተነሳ በኋላ «ፖስት» የሚል ቃል ይዞ ፋይሉን ይጠራዋል፤ እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከዚያ ፋይሉን በ«ቺሞድ +ኤክስ» የሚሠራ ያድርጉት። ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ፦ ከማዕዘን ቅንፉ ቀጥሎ ያለውን ክፍት ቦታ ይረሳሉ፣ ወይም ቺሞዱን ይረሳሉ። በሁለቱም መንገድ የስህተት መልእክት ፊትዎ ላይ አይመጣም፤ ዝም ብሎ አይሠራም።

ተርሚናል አልወድም። በመዳፊት አይሆንም?

ጂኖም ያላቸው ላይ «ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ፤ በግራ ዲስኩን ይምረጡ፤ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ድራይቭ ሴቲንግስ» ይግቡ። የኃይል አስተዳደሩን ትር ያብሩና ተንሸራታቹን ወደ ቀኝ 254 ይግፉት። የ10 ደቂቃውን ልኬት ግን በዚህ መንገድ ቢያደርጉትም ማለፍ የለብዎትም፤ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ «ስማርት ዳታ» የሚለው 193 ቁጥርን ያሳያል።

ትእዛዙን ስሰጥ «አልተደገፈም» ወይም የግብዓትና የውጤት ስህተት ይላል

ሦስት ምክንያት ይኖረዋል። ዲስኩ በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ቦርድ ትእዛዙን አያሳልፍም፤ ለንባብ «ስማርትሲቲኤል -ዲ ሳት» እያሉ ይሞክሩ፤ ካልሆነ ዲስኩን አውጥተው ላፕቶፕ ውስጥ መስካት ነው። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ራሱ ይህን አስተዳደር ላያውቅ ይችላል፤ «ሱዶ ኤችዲፓርም -ትልቁ አይ /ዴቭ/ኤስዲኤ» ብለው ከሚያውቃቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት።

ሦስተኛው የዌስተርን ዲጂታል ነው። ግሪን የሚባሉት ዲስኮች ከዚህ ደረጃ ውጭ የራሳቸው ሰዓት ቆጣሪ አላቸው፤ በነባሪው 8 ሰከንድ ነው። ለ254ም ለ255ም ግድ የላቸውም። ለእነሱ «አይድል3-ቱልስ» የሚባል ጥቅል አለ፤ በውስጡ ያለው ትእዛዝ «አይድል3ሲቲኤል» ነው፤ በ«-ጂ» ያነባል፣ በ«-ዲ» ያጠፋል። ለውጡ የሚይዘው ሪስታርት ሲያደርጉ ሳይሆን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው፣ መብራቱን አቋርጠው ሲያበሩት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አምስት ጊዜ ሪስታርት አድርጎ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ድሬ ሙቀት ነው። ክንዱ ሳያርፍ ሲውል ዲስኩ አይግልም?

በትንሹ ይሞቃል፤ ልዩነቱ ከ1 ዋት በታች ነው። የላፕቶፕ ዲስኮች በአብዛኛው እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ናቸው። 194 ቁጥርን ያንብቡ። ከ50 በታች ከሆነ 254ን ሳይሰጉ ይጠቀሙ። 55 ከደረሰ ጥፋተኛው ክንዱ ሳይሆን አየር ማጣቱ ነው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር ቀትር ላይ ቤት ውስጥ 35 ዲግሪ የሚሆንበት ቀን አለ። ዲስኩ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ መጨመሩ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ላፕቶፑ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው የአየር መግቢያ ተደፍኗል ማለት ነው። ጠንካራ ሰሌዳ ወይም ትሪ ከሥሩ ያድርጉ፤ ከኋላ በኩል ሁለት የጠርሙስ ክዳን አስገብተው ከፍ ያድርጉት። ቬንትሌተሩን ከጎን ሳይሆን ወደ ሥሩ ያዙሩት። ሐረር ላይ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም፤ እዚያ ያለው ጣጣ አቧራና መንገጫገጭ ነው።

አንዳንዶች «ሐረር ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ጫፉ ሳህኑን ይነካል» ይላሉ። ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ሐረር ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ሐሳብ አይግባዎ።

መብራት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ ምን ይደርሳል?

ባትሪው የሚሠራ ከሆነ ምንም። ባትሪው ሞቶ ላፕቶፑ በቻርጀር ብቻ የሚኖር ከሆነ ግን ይህ ከ«ጠቅታው» የባሰ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ዲስኩ ሳህኑ ገና እየዞረ ሳለ ከመዞሩ የሚያገኘውን ጥቂት ኃይል ተጠቅሞ ክንዱን በጥድፊያ ወደ ማረፊያው ይወረውረዋል። ይህ ማረፍ ሻካራ ነው፤ አምራቾችም የሚፈቅዱለት ቁጥር ከተለመደው እጅግ ያነሰ ነው። የሚቆጠረው 192 ላይ ነው። ይህ ቁጥር በየሳምንቱ የሚጨምር ከሆነ ለዲስክዎ የሚሆነው መድኃኒት ኤችዲፓርም ሳይሆን አዲስ ባትሪ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚይዝ ባትሪም ይበቃል፤ ሥራው ማሽኑን በሥርዓት እስኪያጠፉ መቆየት ነው። ስታቢላይዘር የመብራቱን መዋዠቅ ያስተካክል ይሆናል እንጂ መብራት ሲሄድ አይተካውም፤ ያንን የሚያደርገው ዩፒኤስ ነው።

ብዙ መመሪያዎች ዲስኩ እንዲያርፍ «ኮሚት=60» የሚል ቃል «ኤፍስታብ» በሚባለው የዲስኮች ዝርዝር ፋይል ውስጥ እንዲጨምሩ ይመክራሉ። ያ ማለት ሲስተሙ በየ5 ሰከንዱ ሳይሆን በየ60 ሰከንዱ ይጽፋል፤ መብራት ቢሄድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ይጠፋል ማለትም ነው። ባትሪዎ ጤነኛ ካልሆነ አይንኩት።

254 ካደረግሁ በኋላ ይዤው ባጃጅ ብሳፈርስ?

የጥያቄው ፍሬ ነገር ትክክል ነው። የሚያርፍ ክንድ ከመንገጫገጭ ይድናል፤ የማያርፍ ክንድ ሳህኑ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ እየሠራ አይንቀሳቀስ። ክዳኑን ይዝጉ፣ የእንቅልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት እስኪጀምርና የሳህኑ ድምፅ እስኪጠፋ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት። የሐረር ጁገል ኮብልስቶንም ሆነ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ለተኛ ዲስክ ምንም አይደለም። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርገው ሙዚቃ የሚያጫውቱ ከሆነ ግን ቦርሳ ውስጥ የሚሞቅና የሚንገጫገጭ ሕያው ዲስክ ይዘው ነው የሚሄዱት።

የድሮ ቲንክፓድ ካለዎት የመውደቅ ዳሳሽ አለው፤ «ኤችዳፕስዲ» የሚባለው ፕሮግራም ዳሳሹን እያየ ላፕቶፑ ሲዘነበል ወይም ሲወድቅ ክንዱን ያሳርፋል። 254 ካደረጉ እሱን ቢጭኑ ጥሩ ነው።

ዲስኩ ጨርሶ መሽከርከር እንዲያቆም ማድረግስ?

ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ላይ አይመከርም፤ ቆሞ ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ እንደገና ለመዞር ደግሞ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ለመጠባበቂያ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዲስክ ላይ ግን ጥሩ ነው። ትእዛዙ ትልቁ ኤስ ነው። ቁጥሩ ግን ደቂቃ አይደለም፦ ከ1 እስከ 240 እያንዳንዱ 5 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ 120 ማለት 10 ደቂቃ። ከ241 እስከ 251 እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ 241 ግማሽ ሰዓት፣ 242 አንድ ሰዓት። 0 ያጠፋዋል። «10 ደቂቃ» ብሎ 10 የሚጽፍ ሰው ዲስኩን በ50 ሰከንድ ያስቆመዋል።

ቆሞ እንደሆነ ለማየት «ኤችዲፓርም -ትልቁ ሲ» ይበቃል፤ ይህ ዲስኩን አይቀሰቅስም። ስማርትሲቲኤል ግን ሊቀሰቅሰው ስለሚችል «-ኤን ስታንድባይ» ይጨምሩበት። ከጀርባ የሚሠራው «ስማርትዲ»ም በየ30 ደቂቃው ይጠይቃል፤ ዲስኩ በየግማሽ ሰዓቱ ያለ ምክንያት የሚነሳ ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ።

ሁልጊዜ የሚቀሰቅሰው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ

«ሱዶ አዮቶፕ -ኦ -ኤ» ከፍተው 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ማን ስንት እንደጻፈ ደምሮ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ብሮውዘሩ ነው። ፋየርፎክስ የተከፈቱ ገጾችን በየ15 ሰከንዱ ያስቀምጣል፤ «አባውት፡ኮንፊግ» ውስጥ «ብሮውዘር.ሴሽንስቶር.ኢንተርቫል» የሚለውን ከ15000 ወደ 60000 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ 254 ለማይሰሙ ዲስኮች ይረዳል፤ ለሌላው ጊዜ ማባከን ነው።

ፍሪቢኤስዲ ላይ ነኝ

«ካምኮንትሮል ኤፒኤም ኤዲኤ0 -ኤል 254»። የቁጥሮቹ ትርጉም ከላይ እንደተባለው ነው። «-ኤል»ን ከተዉት አስተዳደሩን ጨርሶ ያጠፋዋል። እንዲቆይ «/ኢቲሲ/አርሲ.ሎካል» ውስጥ ይጻፉት።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ዲስኩን እንዴት ልፈትሽ?

በፍላሽ የሚነሳ ኡቡንቱ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ፊት ያስነሱት። የ«ዲስክስ» ፕሮግራሙ ስለሚበቃ የስማርት ዝርዝሩን ይክፈቱና አምስት ቁጥር ይጻፉ፦ 5፣ 9፣ 193፣ 197 እና 198። ከእነዚህ 5፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው። 197 ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለው፤ ዋጋውን ዲስክ እንደሌለው ላፕቶፕ አድርገው ይነጋገሩ።

ከዚያ 193ን ለ9 ያካፍሉ። ለምሳሌ 193 ላይ 412,000፣ 9 ላይ 5,100 ካለ በሰዓት 80 ገደማ ነው። ይህ ዲስክ ዕድሜውን ሁሉ ሲያርፍና ሲነሳ ኖሯል፤ ከ600,000ው ሁለት ሦስተኛው አልቋል። በሰዓት ከ15 በታች ከሆነ ደህና ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢል 9 ቁጥር ላይ ያለውን ሰዓት ያሳዩት።

ኤስኤስዲ ብቀይርበትስ?

ክንድ ስለሌለው ይህ ገጽ አያስፈልግዎትም፤ ከተቻለ የምንመክረውም እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ኤስኤስዲ ካስገቡ በኋላ ማሽኑ ባትሪ ላይ ሲሆን ለጥቂት ሰከንድ እየደረቀ የሚመለስ ከሆነ፣ «ዲሜሴጅ» በሚለው ትእዛዝ የሚወጡት የሲስተሙ መልእክቶች ውስጥ «ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ» የሚል መስመር ይፈልጉ። ካለ የሳታ መስመሩ ኃይል ቁጠባ በጣም ጠንክሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ቲኤልፒ ውስጥ «ሳታ_ሊንክፒደብሊውአር_ኦን_ባት» የሚለውን «ሚን_ፐወር» ከሆነ ወደ «ሜድ_ፐወር_ዊዝ_ዲፕም» ይቀይሩት፤ ካልበቃው ወደ «ማክስ_ፐርፎርማንስ»። በዚህም ካልተስተካከለ ሶፍትዌሩን ይተዉና ዲስኩን ነቅለው መልሰው ይስኩት፤ 199 ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ችግሩ መሰኪያው ወይም ሪባኑ ላይ ነው።